አፋቸው የታሰረ በርሜሎች

ኤንትሬው የጭነት መኪና ወልቂጤን ለቆ ሲወጣ ጭጋጉ ገና ከመንገዱ ላይ አልተነሳም ነበር። የመኪናው መብራት ጭጋጉን ነክቶ ይመለሳል፤ ከመንገዱ ይልቅ ራሱን ያበራል። ከድሮ የሚባለው ሾፌር አንገቱን አስግጎ ቀስ እያለ ይነዳል። ከጎኑ ደብሪቱ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ተቀምጣለች። ከኋላቸው፣ ሸራ ለብሰው፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች በገመድ ተጠፍረው ቆመዋል።

ወሩ ጥር ነው፤ ዓመቱ ዘጠና አንድ። በሰሜን ጦርነት አለ። ከጅማ በኩል ምልምል ወታደር የጫኑ መኪኖች ከኋላ እየመጡ ይቀድሟቸዋል። መኪኖቹም ልጆቹም አይታዩም። ዘፈናቸው ብቻ ከጭጋጉ ውስጥ ይመጣል፣ ጎን ለጎን ይሆናል፣ ወደ ፊት አልፎ ይጠፋል።

«የማን ልጆች ይሆኑ?» አለች ደብሪቱ።

«የሁሉም» አለ ከድሮ። «እነሱ ወደዚያ፣ እኛ ኮምጣጤ ይዘን ወደ ባሕር። ዓለም ሥራ ላይ ናት እማማ።»

ከድሮ ስልጤ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀልድ አያልቅበትም፤ ግን መሪ ሲይዝ እጁ አይቀልድም። ደብሪቱ ስለዚህ ትወደዋለች።

እሷ የቸሃ ሰው ናት፤ የተወለደችው ከእምድብር ወዲያ ነው። ወልቂጤ አግብታ ገባች፣ ወልቂጤ ባሏን ቀበረች። ከዚያ በኋላ ጌታን ተቀበለች፤ ከታናሽ ወንድሟ ከተሰማ ጋር መሥራት ጀመረች። ተሰማ ሰም ያነጥራል። ሰፈፍ ከማር ሻጮች ይገዛል፣ ያጥባል፣ ያቀልጣል፣ በቅርጽ ያፈሳል። እጣቢው ውሃ ይደፋል። አንድ ክረምት ግን ከግድግዳው ጀርባ አንድ ገበቴ እጣቢ ተረሳ። ሲገኝ አፍንጫ የሚወጋ ኮምጣጤ ሆኖ ነበር።

ሐጂ ሙሀመድሰይድ በዚያ ሰሞን ሰም ሊገዙ ከቡታጅራ መጥተው ነበር። የማርና የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማነው የሠራው?»

«ማንም አልሠራውም ሐጂ። ተረስቶ ነው» አለች ደብሪቱ።

አንድ ጠርሙስ ይዘው ሄዱ። ጠርሙሱ ጂቡቲን አልፎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ዓረብ አገር፣ ሁደይዳ ገባ። እዚያ የእህታቸው ልጅ ዑመይር ይኖራል። የሁደይዳ ሰዎች ዓሣ ያለ ኮምጣጤ አይበሉም፤ ከአውሮፓ የሚመጣላቸውን ግን ይጠራጠሩታል። ከወይን ጠጅ ነው ይሉታል። ከማር የተሠራ፣ የሚያውቁት ሰው የቆመለት ኮምጣጤ ሲያገኙ አንድ መኪና ሙሉ ላኩልን አሉ። ሐጂም ቃላቸውን ከዕቃው አስቀድመው ላኩ። «ከሚያሰክር ነገር የጠራ ነው። እኔ አለሁበት» አሉ።

ቡታጅራ ውስጥ ሰው አጉረመረመ። የጴንጤ ሴት ላፈላችው ሐጂ ይምላሉ ወይ ተባለ። ሐጂ ከመስጊድ ሲወጡ መለሱ። «ጴንጤ መጠጥ በደጇ አያልፍም። ከእሷ የበለጠ ማንን ላምጣ?» አሉ።

ይህ ወሬ ወልቂጤ ደርሶ ደብሪቱ ሰምታዋለች። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከበዳት። የሰው ቃል ተሸክማለች፤ ያውም የሌላ ሃይማኖት ሰው ቃል። በርሜሎቹን ስትሞላ ሕፃን እንደምታጥብ ሰው ነበር የምትጠነቀቀው። እጣቢ ብቻ አልበቃትም፤ ንጹሕ ማር ጨመረችበት። ከዚያ አፋቸውን አሰረች።

አስተሳሰሯን ከእናቷ ነው የተማረችው። ቆጮ እንዲያ ነው የሚሠራው። የተፋቀው እንሰት ጉድጓድ ይገባል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። ነፋስ ካገኘው ይበላሻል። ደብሪቱ ሌላ የሚኮመጥጥ ነገር አታውቅም። በየበርሜሉ አፍ ላይ የጠወለገ የእንሰት ቅጠል ደራረበች፣ በቃጫ ጠፍራ አሰረች፣ በጭቃ መረገች። ተሰማ ደስ አለው። እሁድ እሁድ ምእመናኑ እሱ ግቢ ይጸልያሉ፤ ሽታ እንዲወጣ አይፈልግም። «አጥብቂው እቴ» አላት። አጠበቀችው። ገበቴውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ወሊሶን ሲያልፉ ጭጋጉ ተገፈፈ። ፀሐዩ ጋቢናው ውስጥ ገባ። የጤፍ አውድማዎቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆነው ይርቃሉ። ሰው ከበሬ ኋላ ይዞራል፤ ከሩቅ ሲያዩት የማይንቀሳቀስ ይመስላል። የጋቢናው የኋላ መስኮት መስታወት የለውም። በዚያ በኩል የሆነ ሙቀት አንገቷን ይነካታል። ጣፋጭ ሙቀት ነው።

ከድሮ የሰርግ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረ።

«ዛሬ መንገዱ ለስልሷል እማማ። ወላሂ፣ አስፋልት ያነጠፉልን ይመስላል።»

«ተኝተህ እንዳትነዳ።»

«ነቅቼማ ነው። እንደዛሬ ነቅቼም አላውቅ።»

እሷን ግን እንቅልፍ ጣላት። የመኪናው ድምፅ ራቀ። ቸሃ የእናቷ ጓሮ ውስጥ ነበረች። የእንሰቱ ቅጠሎች ከራሷ በላይ ገጥመው ብርሃኑን አረንጓዴ አድርገውታል። ከፊቷ አንድ ሰው ይሄዳል። ጀርባውን ብቻ ታየዋለች። ሲሄድ ቅጠሎቹ አይነቃነቁም። ልትጠራው ፈለገች፤ ስሙን ታውቀዋለች፤ አፏ ግን በቃጫ ታስሮ ነበር። ሰውየው ቆመ። ሳይዞር ሳቀ። ትንፋሹ እሷ ድረስ መጣ።

ነቃች። ሽታው ግን አልሄደም፤ ጋቢናው ውስጥ ነበር።

ደብሪቱ ዓመታት ሙሉ ከዚህ ሽታ ጎን ተኝታለች። ባሏ ከጠጅ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ይገባል፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ሰውየው። ኋላ ሳቁ ቀረ። ሽታውና ሰውየው ብቻ ሆኑ። እሱን ከቀበረች ጀምሮ ጠጅ ቤት ያለበትን መንገድ ተሻግራ ነው የምታልፈው።

«አቁም» አለች።

«እዚህ? ምን ሆንሽ?»

«አቁም ነው የምልህ።»

ወርደው ሸራውን ገለጡ። ጋቢናውን ተደግፎ የቆመው በርሜል ጭቃው ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ነጭ አረፋ ብቅ ይላል፣ ይፈነዳል፣ እንደገና ብቅ ይላል።

«ይተነፍሳል» አለ ከድሮ።

ደብሪቱ ሸራውን ራሷ መልሳ አለበሰችው።

አለምገና ኬላው ላይ አስቆሟቸው። ፈታሹ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ በመኪናው ጎን ወጣ። ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ሥራው የሰለቸው ይመስላል።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«የማር ኮምጣጤ ነው» አለ ከድሮ ከታች። «ለውጭ አገር።»

ፈታሹ ሸራው ስር ጠፋ። ሲወጣ ጣቱን እየላሰ ነበር፤ ሥራው የሰለቸው አይመስልም።

«ይኼ ኮምጣጤ ከሆነ እኔ ጄኔራል ነኝ» አለ።

«እንኳን ደስ ያለህ። ሹመቱ መቼ ወጣ?»

«ለሰርግ ነው አይደል? ንገሩኝ፣ አልነካባችሁም። ቆንጆ ጠጅ ነው። ትንሽ ለጋ ነው እንጂ ቆንጆ ነው።» ደብሪቱን አያት። «እርስዎ ነዎት የጣሉት እማማ? እጅዎ ይባረክ።»

ገመዱን ዝቅ አደረገላቸው። ከድሮ መኪናውን አስነስቶ ትንሽ ሄደ። ከዚያ ጥግ ይዞ አቆመ። ከመሪው ላይ እጁን አላነሳም።

«እማማ ደብሪቱ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምን ጭኜ ነው የምዘፍነው?»

«አላወቅኩም ነበር ከድሮ።»

«አንቺ አላወቅሽም፣ እኔም አላወቅኩም። አሁን ግን አወቅን። ለእኔ መጠጣቱ ብቻ አይደለም፤ መሸከሙም ወንጀል ነው።»

መንገዱ በደቡብ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከድሮ እስከ መልካ ቁንጡሬ ድረስ አላንጎራጎረም። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ፍጥነት ቀነሰ። ወንዙ በበጋው ቀጥኗል። ውሃው ድንጋዮቹ መካከል ቁልቁል ይወድቃል፣ ጭሱ ይነሳል።

«እንድፋው» አለ። «አዋሽ ይውሰደው። መኪናው ተንሸራተተ፣ በርሜሎቹ ተገለበጡ እንላለን። ማን ይጠይቃል? እኔ ሾፌር ነኝ፤ ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርጊው። ሐጂ ቢቆጡ አንድ ቀን ነው። ሽማግሌው ሰው ፊት ከሚያፍሩ ይሻላል።»

ደብሪቱ ውሃውን አየችው። ቀላል ነበር። በርሜሎቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ፣ ወርቃማው ነገር ነሐስ ከመሰለው ውሃ ጋር ሲቀላቀል፣ ከዚያም ሲጠፋ ታያት። ወንዙ ምንም አይልም። እሷም ወልቂጤ ተመልሳ ምንም አትልም። ሐጂ ግን ከመስጊድ ደጅ ቆመው ስለ ኮምጣጤዋ ጥራት ይናገራሉ፤ ሌላ መኪና ሙሉ ያዝዛሉ። እሷም እንደገና እንዲሁ አድርጋ ትሠራለች።

«ቃሉ የእሳቸው ነው» አለች። «ሳያዩት አይደፋም። ንዳ።»

«ሰው ፊት ነው የምትነግሪያቸው?»

«ሰው ካለ ሰው ፊት ነው። ንዳ ከድሮ።»

ነዳ።

ጢያን ሲያልፉ የጥንቶቹ ትክል ድንጋዮች ከመንገዱ ራቅ ብለው ታዩ። በቀትሩ ብርሃን ውስጥ ገበያ ሊሄዱ ተነስተው መንገድ ላይ የሆነ ነገር እንደሰሙ ሰዎች ቆመዋል። ደብሪቱ እያየቻቸው ነፋሱ በመስኮቱ ገብቶ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈው። አልመለሰችውም። ነፋሱን ፊቷ ላይ አቆየችው።

የተረሳው ገበቴ ክዳን አልነበረውም። ክረምቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ ነው የከረመው፤ ዝንብ ገብቶበታል፣ ነፋስ ገብቶበታል። ቆጮ ነፋስ ያጠፋዋል። ይህን ግን ነፋስ ነው የሚሠራው። እሷ ደግሞ አፉን አሰረችው። ማር ጨምራ፣ ቅጠል ደርባ፣ በንጹሕ ልብ ጠጅ ጠመቀች።

ቡኢን አለፉ። ቡታጅራ ሲገቡ ከቀትር በኋላ ያለው የአስር ሶላት ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ይወጣ ነበር። የሐጂ መጋዘን ከሩቅ ይታወቃል፤ በርበሬው ገና መንገድ ላይ ያስነጥሳል። ተሸካሚዎች ጆንያ እየቆለሉ ነው። ዕቃውን ሊያስጭን ከሁደይዳ የመጣው ዑመይር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሽቶው በርበሬውን ይታገላል። በእጁ ብርጭቆ ይዟል።

«አህለን፣ አህለን! እናንተን ስንጠብቅ ዓሣው ሸተተ» አለ።

መኪናው በደንብ ሳይቆም በጎኑ ወጣ። ሸራውን ገለጠ፣ በሴንጢ ቃጫውን በጠሰ፣ ቅጠሉን ገፈፈ። ደብሪቱ የጋቢናውን በር ታግላ ስትወርድ ብርጭቆው ሞልቶ ነበር። በጀምበሯ ውስጥ ቀይ ወርቅ ይመስላል። ተሸካሚዎቹ ሥራ አቁመው አዩት። ሐጂ ሙሀመድሰይድ በምርኩዛቸው እየታገዙ መጡ፤ ጺማቸው ከውዱ ትጥበት ገና እርጥብ ነው።

«ደህና ገባሽ ደብሪቱ?»

«አጎቴ፣ መጀመሪያ ቅመስ» አለ ዑመይር። ብርጭቆውን ከላይ አቀበላቸው። ተቀበሉት። «ቢስሚላሂ» አሉ።

«ሐጂ፣ አይቅመሱት።»

እጃቸው ቆመ።

«ኮምጣጤ አልሆነም» አለች። «ጠጅ ነው።»

አንድ ተሸካሚ አስነጠሰ። ሐጂ ብርጭቆውን አላፈሰሱትም፤ አልጣሉትም። ጎንበስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ቀምሰሽዋል?»

«አልቀመስኩም። ግን አውቀዋለሁ።»

ባሏን ያውቁት ነበር። ሌላ አልጠየቋትም።

«እንዴት ሆነ?»

«አፉን አሰርኩት። እንደ ቆጮ ነው የሠራሁት። ነፋስ እንደሚፈልግ አልገባኝም።»

ዑመይር ከመኪናው ወረደ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጎቴ፣ አትቸኩል። እስከ ጂቡቲ መንገድ አለ፣ ወደብ ላይ ወረፋ አለ፣ ባሕር አለ። ሁደይዳ እስኪገባ ይለወጣል። አሁን ካልጫንን ሌላ ሰው ይጭንላቸዋል። ሕንዶቹ ደጃቸው ቆመዋል።»

«አይለወጥም» አለች ደብሪቱ። «እንደታሰረ ከሄደ እንደታሰረ ነው የሚደርሰው።»

«ከፍተን እንላከው ታዲያ።»

«በመንገድ ላይ ተከፍቶ ግማሹን ጅብ ይጠጣዋል» አለ ከድሮ። ማንም አልሳቀም።

ሐጂ ወደ በርሜሎቹ ብዙ አዩ። «ሁደይዳ ደውል» አሉ። «ማሩንና በርበሬውን ይዘህ ትሄዳለህ። ኮምጣጤው አልደረሰም በላቸው።»

«ለምን ቢሉኝ?»

«የሆነውን ንገራቸው። እኔ ነኝ ያለሁበት ያልኩት፤ እኔ ነኝ የለሁበትም የምለው።»

ዑመይር አንገቱን ነቀነቀ፤ ብርጭቆውን በእግሩ እንዳይመታ ተጠንቅቆ ሄደ።

«አሁን የት ይውረድ?» አለ ከድሮ። «እኔ መኪና ላይ አያድርም። ይቅርታ አድርጉልኝ ሐጂ፣ እርስዎ ግቢም የሚያወርድ እጅ የለኝም።»

«እኔም አላስገባውም።»

«ወንድሜ ግቢ ጸሎት አለ» አለች ደብሪቱ።

«እስላሙም አይፈልገው፣ ጴንጤውም አይፈልገው። ኦርቶዶክስ ይጠራ?» አለ ከድሮ።

ሐጂ ፈገግ ለማለት ቃጡና ተዉት። «በእኛ ዘንድ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንዳች ሳይጨመርበት፣ በራሱ ከተለወጠ ንጹሕ ይሆናል። ኮምጣጤ ከሆነ በኋላ ምን እንደነበረ አይጠየቅም። እስኪለወጥ ግን የሚነካው የለም።»

«ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይለወጣል» አለች። «ሜዳ ላይ ይውረድልኝ። አፉን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«ሰው ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ከበርበሬ ተራው ጀርባ አንድ ባዶ ቦታ አለ። የሆነ ሰው መጋዘን ሊሠራ ብሎኬት ገጥሞ፣ ጣሪያ ሳያለብሰው ትቶታል። ከድሮ በርሜሎቹን እዚያ አወረደላት። እያወረደ ይጸልይ ይሁን ይሳደብ አልተለየም። ሲጨርስ ከጋቢናው የራሱን ብርድ ልብስ አምጥቶ ብሎኬቱ ላይ ሰቀለላትና ሳይሰናበታት ሄደ።

ቃጫዎቹን በጠሰች። ቅጠሎቹን ገፈፈች። ነጠላዋን ቀድዳ የየበርሜሉን አፍ በስሱ ሸፈነች። በማግስቱ ንቦች መጡ።

ጥር አለቀ፣ የካቲት ገባ። ቡታጅራ ወሬውን ጠገበ። ጴንጤዋ ጠጅ ቤት ከፈተች ተባለ። ልጆች በብሎኬቱ ላይ አንገታቸውን አውጥተው «እማማ አንድ ብርሌ!» ይሉና ይሮጣሉ። አንድ እሁድ ከወልቂጤ የመጡ ሁለት የምእመናኑ ሽማግሌዎች በዚያ አለፉ። አወቋት። ነጠላ እንደሌላት አዩ፣ በርሜሎቹን አዩ። ልትናገር ተነሳች፤ ግን አልቆሙላትም። ተመልሳ ተቀመጠች። የሐጂ ሚስት ሳሌሃ ቀትር ላይ ምግብ ታመጣለች። ብሎኬቱ ላይ አስቀምጣ «ብይ እንጂ፣ ከስተሻል» ብላ ከዚያው ትመለሳለች። ሐጂ በበኩላቸው ከአስር ሶላት በኋላ መንገዱ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ አያልፉም።

«እንዴት ዋለ?» ይላሉ፤ የታመመ ሰው የሚጠይቁ ይመስላል።

«ገና ነው ሐጂ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

ቀኖቹ አንዱ ከአንዱ አይለዩም። ከሰዓት በኋላ ሽታው ሲከብድ ብርሃኑ ራሱ የሰከረ ይመስላል፤ ብሎኬቱ ይርቃል፣ ይቀርባል። ንቦቹ በጨርቁ ላይ ይራመዳሉ። ደብሪቱ ልተኛ አልተኛ ሳትል ዓይኗን ትከድናለች።

እንዲህ ባለ ሰዓት ነው አንድ ሰው የሚመጣው። ከበርበሬ ተራው ማዶ ብሎኬት ይሠራል፤ እጁ በሲሚንቶ ተበልቷል። የመጀመሪያ ቀን በግልጽ መጣ።

«እማማ፣ ደርሷል?»

«አልደረሰም።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ሲደርስ አንተ አትፈልገውም።»

ሳቀና ሄደ። በማግስቱ እሷ የተኛች ሲመስለው በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየረገጠ መጣ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ ጣቱን ነከረ፣ ላሰ። ጨርቁን መልሶ አስተካከለ። ደብሪቱ በሽፋሽፍቷ መካከል አየችው። ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ከዚያ አሰበችበት። እሷ መቅመስ አትችልም። ሐጂ መቅመስ አይችሉም። ተሰማም፣ ከድሮም አይችሉም። አፍንጫዋ ደግሞ ከሽታው ጋር ሰንብቶ ደንዝዟል። አፏን መልሳ ዘጋች።

በየቀኑ መጣ። በየቀኑ ተኛችለት። ጣቱን ሲያወጣ ፊቱን ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን ፊቱ ይበራ ነበር። ቆይቶ መብራቱ ቀረ፤ ቀምሶ ያስባል። የካቲት ሊያልቅ ሲል ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው እየሄደ የሚሻለውን ይፈልግ ጀመር።

መጋቢት ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ባለበት ቀን ዘግየት ብሎ መጣ። ደብሪቱ ጀርባዋን ለብሎኬቱ ሰጥታ ዓይኗን ከደነች። የመጀመሪያውን በርሜል ገለጠ። ጣቱን ነከረና አፉ ውስጥ ከተተ።

ፊቱ እንደ ጨርቅ ተጨመደደ። ተፋ። ወደ ሁለተኛው ሄዶ ነከረ፣ ተፋ። ሦስተኛው ጋ ከጣቱ ይልቅ መዳፉን አጎድጉዶ ጠጣና ትን አለው። እንባው እስኪወርድ ሳለ። መተኛቷን ረሳው።

«ምን ጨመርሽበት?» አላት።

ደብሪቱ ዓይኗን ገለጠች። «ምንም።»

«ምንም? እንዲህ ያለውን ነገር! ያን የመሰለውን! አኮምጥጠሽ አበላሽተሽዋል አንቺ ሴትዮ።»

«ሁሉም እንዲያ ነው?»

«ሁሉም! አንድ እንኳ አላስተረፍሽም። አላህን አትፈሪም?»

እየተራገመ፣ እየተፋ በጭቃው ላይ ወረደ። ድምፁ በርበሬ ተራው ውስጥ እስኪጠፋ ሰማችው። ከዚያ ተነሳች። ፀጉሯን በከድሮ ብርድ ልብስ ሸፈነችና ወደ መንገዱ ወጣች።

ሐጂ ገና አልመጡም ነበር። ከመስጊዱ በኩል ሰው መውጣት ጀምሯል። መንገዱ መሐል ቆማ ጠበቀቻቸው።